ቁልፉ የት ነው?

ሂርማታ ገበያ መሐል፣ ሰው ሰውን በሚገፋበት፣
የነዚፍ ቀኝ እጁ ሄደ፣ ወደ ወገቡ፣ ወደ ነበረበት።
የለም። ቀበቶ ብቻ።
እጁም አፍሮ ተመለሰ፤ የሽንኩርት ዋጋ ጠየቀ።
ደቡብ አፍሪካ ወንድሜን፣ ሰባት ዓመት እንዲህ አስተምሮ ለቀቀ።

እኔ በጅሬን መንገድ ዳር፣ በርጩማ ጠራቢ ነኝ፤
ባለ ሦስት እግር፣ ካንድ ግንድ፣ ምስማር የማያውቀኝ።
እየጠረብኩ ነው የሰማሁት፣ ፍቅፋቂው እግሬ ላይ ሲወርድ፣
ታሪኩን በቁራጭ በቁራጭ፣ ሲነግረኝ በግድ በግድ።

ሱቁ የቆርቆሮ ነበረ።
ዳቦ በቀዳዳ ይወጣል፣ ሳንቲም በቀዳዳ ይገባል፤
ሰው ደግሞ ሌሊት ሲመጣ፣ ጣሪያውን ገልጦ ይገባል።
ጎረቤቱን፣ የሃላባውን ልጅ፣ ሙዘይንን የቀበሩ ዕለት፣
“መሣሪያ ግዛ” አሉት ሁሉም። “በሕግ” አላቸው። ሳቁበት።

ሄደ። ተሰልፎ ዋለ።
ሴትየዋ ቆጠረችለት፣ ጣቶቿን እያጠፈች፦
“ኮርስ አለ፣ ፈተና አለ፣ አሻራም አለ” አለች፤
“ግድግዳ ላይ የታሰረ፣ የብረት ካዝናም አለ፣
ፖሊስ መጥቶ የሚያየው፣ ቁልፉ ካንተ ጋር የዋለ።”
ከዚያ ወረቀቱን አየች።
በየስድስት ወሩ የሚታደስ፣ የጥገኝነት ወረቀት ነው።
“ይሄ” አለች፣ በክፋት ሳይሆን፣ “መጠለያ ነው የሚለምነው።
ጥይት አይለምንም።”

በጨለማ ገዛ እንግዲህ። ቁጥሩ በሞረድ የተፋቀ፤
በዱቄት ጆንያ ቀበረው፣ በሦስት ፌስታል እንደታነቀ።
ዱቄት ሲሰፍር በማንኪያው፣ ብረቱን እየነካ፣
“የሚጠብቀኝን ነገር፣ እኔው ስጠብቅ ነበር ለካ።”

መጡ። ሦስት ነበሩ።
ያንዱ ጭምብል ወለቀና፣ ፊቱን ቢያይ የሚያውቀው፣
በዱቤ ዳቦ የሚወስድ፣ “ነገ” ብሎ የሚስቀው።
የነዚፍ እጅ ዱቄት ውስጥ፣ እስከ ክርኑ ነጭ ሆኖ፣
አልተኮሰም።
“ፈርቼ ነው” ይላል አንድ ቀን። “አዝኜ ነው” ይላል ሌላ ቀን።
እኔ የቱም ቢሆን ልኬ፣ ቆርጬ አላየሁትም፣ ይቅርብን።

ፖሊስ በጠዋት ደረሰ፤
ሌባ ፍለጋ ገብቶ፣ ጆንያውን አፈሰሰ።
ከዝርፊያው ሁሉ የተያዘ፣ የተዘረፈው ነበረ፤
ታሰረ፤ ኋላም ባውሮፕላን፣ እስከ ቦሌ ተባረረ።

ቤታችን ምሰሶ ላይ፣ ያባቴ ጠመንጃ ተሰቅሏል፤
ቀበሌ መዝግቦታል፣ ጭስ ጠጥቶ ጠቁሯል።
ነዚፍ ከሥሩ አይተኛም።
አንድ ማለዳ መጣና፣ “ሳጥን ሥራልኝ” አለ፣
“ግድግዳ ላይ የሚታሰር፣ ቁልፍ ያለው። ሕጉ እንዲህ ነው ያለ።”
“የማን ሕግ?”
ዝም አለ። ፍቅፋቂ አነሣ፣ ሰበረው።
“አትችልም” ያለው አገር ሕግ፣ ሆዱ ውስጥ ነው የቀረው።

ከዋንዛ ሠራሁለት፤
ምስማር የማያውቀኝ ሰውዬ፣ አራት ብሎን ነዳሁበት።
አባቴ ሳቀ፣ እስኪያስለው፦
“ሌባ ሲመጣስ ምን ልበለው?
‘ቁልፍ ፈልጌ እስክመጣ፣ በርጩማው ላይ ተቀመጥ’ ልበለው?”

ባለፈው ሐሙስ ሌሊት፣ ዝናብ ነው፣ መብራት ጠፍቷል፤
በአዌቱ በኩል ውሻ ጮኸ፣ በራችንን ሰው መቷል።
“ቁልፉ የት ነው?” አለ አባቴ።
“ቁልፉ የት ነው?” አልኩኝ እኔ።
ነዚፍም አብሮን ፈለገ፤
ሦስት ወንድ በጨለማ፣ በጉልበቱ እየዳኸ፣
ውሻው ያለቅጥ እየጮኸ።

እህቴ ሲቲና ከፈተች። ማንንም ሳትጠይቅ።
የራውዳ ልጅ ነው የቆመው፣ ባጃጁን ጭቃ የያዘው፤
“ግፉልኝ” ሊል የመጣ፣ ብርድ ያንዘፈዘፈው።
ገፋንለት።

ትናንት ሂርማታ ወርደን፣ ሰው ትከሻውን ቢገፋው፣
የነዚፍ እጅ ወገቡ ሄደ። ባዶ አልነበረም አሁን፤
ቅጭል አለ፣ ትንሽ ብረት። ሰማሁት፣ አየሁት እጁን።
አልተናገርኩም።
ሽንኩርቱን ሳይከራከር ገዛ።
አባቴ ዛሬም ምንጣፍ ሲገልጥ ነው የዋለው።